የሀገር ቤት መጽሐፍ ስታነቡ ስልኩን አጠገባችሁ አርጉት

ሰላም ወገኖች፣ እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፣ ከሀገር ከወጣሁ ሃያ ሁለት አመት አለፈኝ። ልጆቻችን ታሪክ አያውቁም እያላችሁ ለምትጨነቁ እኔ ቤት የሰራውን ልንገራችሁ፣ ከአክሱም አትጀምሩ፣ ከራሳችሁ ወረዳ ጀምሩ፣ አያቱ ያለችበት ቦታ ሲሆን ልጅ ጆሮውን ይሰጣል።

ልጄ አስር አመቱ እያለ ደብረ ብርሃን ለምን እንዲህ ተባለ አለኝ። ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዛ ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው አልኩት፣ የምን ብርሃን ሲለኝ ዝም። በማግስቱ ላይብረሪ ሄደን ስለ ከዋክብት የተጻፈ መጽሐፍ ተዋስን። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ምሁራን አሉ፣ ኮከቡ በ76 አመት ገደማ አንዴ ነው የሚመለሰው፣ በ1986 እ.ኤ.አ. መጥቶ ነበር፣ ቀጥሎ 2061 ነው፣ ልጄ ያኔ ስንት አመት እንደሚሞላው ቁጭ ብሎ አሰላ። ለአያቱ ደውሎ ሲነግራት የእግዜር ምልክት ነው የኔ ልጅ አለችው፣ ሁለቱንም ደብተሩ ላይ ጻፈ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የውጭ ሰው የጻፈውን ግን ብቻውን አትስጡት። ሃሪስ የሚባል የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1841 እ.ኤ.አ. ሸዋ መጥቶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተዋውሎ ሲመለስ ሶስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፣ አሮጌ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ስለ አንኮበርና ስለ ንጉሡ ግቢ ብዙ ዝርዝር ታገኙበታላችሁ፣ ንቀቱ ግን ያማል፣ አብራችሁ ተቀምጣችሁ አንብቡት። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪንም ስለ መንዝ ጽፏል፣ አማራ ግለኛ ነው የሚለው ለኔ አይዋጥልኝም፣ ደቦና ወንፈል እያየሁ ነው ያደኩት፣ ስለ ሰምና ወርቅ አነጋገራችን ያለው ግን ልክ ነው።

አርጎባዎችንም አትዝለሏቸው፣ ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው።

ሳይንስ ለሚወድ ልጅ ደሞ ጓሳ የሚባለው የመንዝ ደጋ የሳር መሬት አለላችሁ። ቀይ ቀበሮው፣ ከጦጣና ዝንጀሮ ዘር ሁሉ በዋናነት ሳር በልቶ የሚኖረው ብቸኛው ጭላዳ፣ ስንቱ! ያ መሬት የቆየው የመንዝ ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለአመታት እየዘጋ ስለጠበቀው ነው፣ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጊዜ ፈረሰ፣ ተመራማሪዎች ይሄን በደንብ ጽፈውታል። ጓሳው ሲከፈት ሰው እንዴት እንደሚወጣ፣ ሳሩን ለቤት ክዳን ማን እንደሚያጭደው ግን እኔ የሰማሁት ከአክስቴ ነው፣ ሰማንያ አልፏታል። እናንተም እንዲህ አይነት ሰው ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉ፣ የነገረቻችሁን መጽሐፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉት፣ ከነስሟ ከነቀኑ።