የድሮ ብር በዶላር ስንት ነበር? ከአዳማ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የቆየ ውል የያዙ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩና ሒሳብ የሚዘጉ የአዳማ ሰዎች ስለ ብርና ዶላር የቀድሞ ምንዛሪ ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በ1962 ናዝሬት ላይ የተጻፈ የቤት ሽያጭ ውል አለን። አማርኛው «4,000 ብር» ይላል፣ አብሮት የተያያዘው እንግሊዝኛ ደግሞ 4,000 ዶላር። የቱን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ገንዘባችን በአማርኛ ያኔም ብር ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን እስከ 1969 ድረስ «የኢትዮጵያ ዶላር» ይባል ነበር። የእናንተም ወረቀት የሚናገረው ስለዚሁ ነው እንጂ ስለ አሜሪካ ዶላር አይደለም። በውርስ ክርክር ላይ ይህን አሳስቶ ማንበብ ዋጋውን 2 እጥፍ ተኩል ያሳብጠዋል። በ1962 አንድ የአሜሪካ ዶላር 2.50 ብር ስለነበር፣ 4,000 ለ2.50 ሲካፈል 1,600 ዶላር ይመጣል።

ጥያቄ፦ በጃንሆይ ጊዜ 2.07 አልነበረም እንዴ? ሁሉም ሰው የሚለው እንደዚያ ነው።

መልስ፦ በጃንሆይ ዘመን 2.07 የሠራው መጨረሻ ላይ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ብቻ ነው። ሰው የሚያስታውሰው የደርግን 2.07 ነው። ብሩ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ሲወጣ ዋጋው በወርቅ ተተምኖ ዶላሩ 2.48 ገደማ ሆነ። ያኔ አንድ ብር በ2 የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይለወጥ ነበር። በ1956 ትንሽ ዝቅ ተደርጎ 2.50 ገባ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ለውጦች ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። አሜሪካ አንድ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ የምትተምንበትን 35 ዶላር በታኅሣሥ 1964 ወደ 38፣ በየካቲት 1965 ወደ 42.22 አደረገች። ብር የወርቅ ዋጋውን ስላልነካ ዶላሩ በብር ሲሰላ ወረደ። ራሳችሁ አስሉት፦ 2.50 በ35 ተባዝቶ ለ38 ሲካፈል 2.30፣ 2.50 በ35 ተባዝቶ ለ42.22 ሲካፈል 2.07። ስለዚህ የ1962ን ውል በ2.07 የሚያካፍል ሰው 1,932 ዶላር አግኝቶ በ332 ዶላር ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ ያወረድኩት ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. 1992 ላይ 2.80 ይላል። እንዲህ ያለ ዋጋ መቼ ነበር?

መልስ፦ የትኛውም ባንክ፣ በየትኛውም ቀን በ2.80 መንዝሮ አያውቅም። እስከ መስከረም 20 ቀን 1985 ድረስ 2.07 ነበር፤ በማግስቱ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1992) 5.00 ሆነ። 9 ወር በ2.07፣ 3 ወር በ5.00 ሲደመርና ለ12 ሲካፈል 2.80 ይወጣል። አማካይ ነው ማለት ነው። የዓመት የወጪ ንግድ ድምር ለመለወጥ ይጠቅማል፤ የአንድ ቀን ደረሰኝ ላይ ግን እንዳታስገቢው።

የበጀት ዓመትም እንዲሁ ያሳስታል። ከሐምሌ 1 ቀን 1984 እስከ ሰኔ 30 ቀን 1985 ያለውን በቀን ብትመዝኚው አማካዩ ወደ 4.30 ይጠጋል። ያው ዓመት ነው ብለሽ 2.80ን ብትወስጂ ገቢውን በዶላር ከልክ በላይ ታሳድጊዋለሽ።

ጥያቄ፦ ከ1985 በኋላ ለጥቂት ዓመታት ሁለት የተለያየ ዋጋ የማገኘው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከ1985 አጋማሽ በኋላ የውጭ ምንዛሪ ጨረታ ስለተጀመረ ነው። በ5.00 የጀመረው ኦፊሴላዊ ዋጋ እንደ ነዳጅና መድኃኒት ላሉ ዕቃዎች ሲያገለግል፣ የጨረታው ዋጋ ከሱ በላይ ይሄድ ነበር። ሁለቱ የተዋሐዱት በ1987 መጨረሻ ነው። በመካከል ያለ ሰነድ ካላችሁ መጀመሪያ የሚጣራው የዕቃው ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ በ2010 ብር በ15 በመቶ ወረደ ተባለ። እኔ ሳሰላው 13 ይመጣል።

መልስ፦ ልክ ነዎት። ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዶላር ከ23.42 ወደ 26.92 ወጣ። የዶላር መወደድ ከሆነ የሚለካው፣ ልዩነቱ ለ23.42 ይካፈላል፤ 15 በመቶ። ብር ያጣውን ከሆነ ለ26.92 ነው፤ 13። ለውጡ ሲተልቅ ክፍተቱም ይሰፋል፦ ከ2.07 ወደ 5.00 ሲኬድ ዶላር 141.5 በመቶ ተወደደ፣ ብር ግን 58.6 በመቶ አጣ። «ብር 141 በመቶ ወረደ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም፤ ከ100 በላይ የሚወርድ ገንዘብ ግን የለም።

ጥያቄ፦ ያንን 1,600 ዶላር በዛሬ ተመን ብናባዛው የቤቱ ዋጋ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። ዶላሩም ራሱ ቀልሏል፤ በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ከእ.ኤ.አ. 1970 እስከ 2024 ወደ 8 እጥፍ አድጓል። በዚያ ላይ የአዳማ መሬት ዋጋ ከሁለቱም ገንዘቦች ጋር አይሄድም። ለክርክር ከሆነ የቤት ግምት ያስወጡ።

ጥያቄ፦ የአባቴ ደብዳቤ በፓውንድ ነው፣ 1959።

መልስ፦ ፓውንዱን መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ዶላሩን ወደ ብር። ያኔ ፓውንድ 2.80 ዶላር ስለነበር በ2.50 ተባዝቶ 7 ብር ይሆናል። እንግሊዝ በኅዳር 1960 ወደ 2.40 ዝቅ ስላደረገችው ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት 6 ብር ነበር።

ጥያቄ፦ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያለውን ግብይት በየትኛው ዋጋ ልመዝግብ?

መልስ፦ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መግዣ ከ57.48 ወደ 74.73 ዘለለ፤ ከዚያ ወዲህ ባንኮች የየራሳቸውን ዋጋ ያወጣሉ። ስለዚህ «የዕለቱ ተመን» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የባንኩን ስም፣ ቀኑንና መግዣ ይሁን መሸጫ ይጻፉ። ከውጭ የመጣ ዶላር ለባንኩ ሲሸጥ መግዣው ነው፤ ለዕቃ ማስመጫ ዶላር ሲወሰድ መሸጫው። ባንኩ የሰጠዎት የመለወጫ ማስረጃ ካለ እሱ ላይ ያለው ቁጥር ይቀድማል፤ ከሌለ የዕለቱን የተመን ሰሌዳ አትመው ከቫውቸሩ ጋር ይያዙት።