ከደሎስ በፊት ትንሿን ሙዚየም እዩ

እህታችን፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከእናትሽ ጋር በግሪክ ሚኮኖስ ደሴት ላይ የምትቆዩት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ አንዱን ቀን የጥንት ፍርስራሽ ላለባት ለጎረቤቷ ደሴት ለደሎስ ይዛችኋል፤ በከተማዋ ያለችው ትንሽ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ጊዜ ልንሰጣት የሚገባ ናት ወይ ብለሻል። ሂዱ። እንዲያውም ከደሎስ በፊት ሂዱ።

ይህን የምለው እኔ ቅደም ተከተሉን አዛብቼ ስላየሁት ነው። የመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደ ደሎስ ተሻገርኩ። ዓምዶቹን፣ የእብነ በረድ አንበሶቹን፣ የቤቶቹን ወለል አይቼ፣ ፀሐዩ ሲበረታብኝ ተመለስኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ በኖረበት ደሴት የሙታኑ መቃብር የት ገባ ብዬ ግን አልጠየቅሁም። መልሱ ያለው በዚያች ሙዚየም ውስጥ ነው።

ደሎስ የጥንት ግሪኮች አምላክ አፖሎ የተወለደባት ተብላ የምትከበር ደሴት ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ426፣ በብርዱ ወራት፣ አቴናውያን ደሴቲቱን እናንጻ ብለው መቃብሮቿን ከፈቱ፤ አጽሙንና አብሮት የተቀበረውን ዕቃ ወደ ጎረቤቷ ሬኒያ አሻግረው በአንድ ጉድጓድ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ በደሎስ መውለድም መሞትም ተከለከለ፤ የመውለጃዋ ሰዓት የደረሰ ሴትና ሞት የተቃረበው ሰው ወደ ሬኒያ ይወሰዱ ነበር። ጉድጓዱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሆን፣ ሙዚየሟም የተሠራችው ከዚያ የወጣውን ለማኖር ነው።

ለማንጻቱ ምክንያት ሆነ የሚባለው አቴንስን የፈጀው ወረርሽኝ ነው። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ ደግሞ ወረርሽኙ ከግብጽ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ ተነሣ እንደሚባል ጽፏል። የዚያን ጊዜ ግሪኮች በዚህ ስም የሚጠሩት ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከጉድጓዱ የወጡትን ማሰሮዎች እያየሁ የአገሬ ስም ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ነዘረኝ። ብዙዎቹ ሸክላዎች ከወረርሽኙ መቶና ከዚያ በላይ ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው፤ ባለቤቶቻቸው ስለማያውቁት በሽታ ከመቃብራቸው ተነሡ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ግን አንድ ትልቅ ጋን አለ። ቁመቱ 1.34 ሜትር ያህል ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ670 ገደማ ተሠርቶ፣ እዚያው ሚኮኖስ እ.ኤ.አ. በ1961 ተገኘ። አንገቱ ላይ የትሮይ የእንጨት ፈረስ፣ ግሪኮች ተዋጊዎቻቸውን በሆዱ ደብቀው የጠላታቸውን ከተማ ትሮይን ያዙበት የሚባለው፣ ከነመንኮራኩሩ ጎልቶ ተቀርጿል። በፈረሱ ጎንና አንገት ላይ ባሉት ትናንሽ መስኮቶች ተዋጊዎቹ ፊታቸውን ብቅ አድርገዋል። ጎብኚው ይህንኑ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፋል። እናንተ ግን ጎንበስ በሉ። የጋኑ ሆድ ላይ በረድፍ በረድፍ የተቀረጸው ከፈረሱ የወጡት ሰዎች ያደረጉት ነው፤ ሕፃናት በእናቶቻቸው ፊት በሰይፍ ሲወጉ፣ እናቶች እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑ። ሸክላ ሠሪው ግሪክ ነበር፤ ድሉም የግሪኮች ነበር። ሰፊውን ቦታ የሰጠው ግን ለተሸነፉት ሴቶችና ልጆች ነው። እኔ በሕይወቴ ስለ ጦርነት ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ሥራ አላየሁም።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ እናቴን ይዤ ነበር። እርሷን የያዟት በኋላ ዘመን በሬኒያ የቆሙት የመቃብር ድንጋዮች ናቸው። ሟችና ቋሚ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሰነባበቱባቸው አሉ። ብዙ ጊዜ የሚጻፍባቸው ቃል “መልካም ሰው፣ ደህና ሁን” እንደ ማለት መሆኑን ስነግራት፣ ነጠላዋን አስተካክላ “ነፍስ ይማር” አለች።

ለሙዚየሟ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከአሮጌው ወደብ አጠገብ ስለሆነች እናትሽ ብዙ አይደክሙም። የመክፈቻውን ቀንና ሰዓት አስቀድማችሁ ሆቴላችሁን ጠይቁ። ደሎስ ላይ ጥላ የለም ማለት ይቻላል፤ በመጀመሪያው ጀልባ ተሻገሩ፣ ኮፍያና ውሃ ያዙ፣ ለእናትሽም ጠፍጣፋ ጫማ ይሁንላቸው፤ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ነው። ከጀልባ ወርዳችሁ ወደ ፍርስራሹ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ወደ ኋላ ዙሩ። ከጠባቡ ባሕር ማዶ የምታዩት ደሴት ሬኒያ ነው።