ተደባልቆ የታሸገ ቤንዚን፦ ለሞተር መጋዝና ለሳር ማጨጃ የትኛው ይሻላል?

ጥያቄ፦ «አንድ የሞተር መጋዝና አንድ በትከሻ የሚንጠለጠል ሳር ማጨጃ አለኝ። ሁለቱም ባለ ሁለት ምት ናቸው። የቤንዚንና የዘይቱ ድርሻ መጋዙ ላይ 50:1 ይላል፣ አሮጌው ማጨጃ ግን 25:1 ነው። በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የምጠቀምባቸው፤ ከተቀመጡበት ሳወጣቸው አልነሳ ይሉኛል፣ ካርቡራተር ማስጠረግ ሰለቸኝ። አሁን ቤንዚንና ዘይቱ ተደባልቆ በጣሳ የታሸገ ነዳጅ አየሁ፤ ዋጋው ከማደያው ብዙ እጥፍ ነው። ያዋጣኛል? የትኛውንስ ልምረጥ? ለሁለቱም አንዱ ይበቃል?»

መልስ፦ እንደ እርስዎ አልፎ አልፎ ለሚጠቀም ሰው ያዋጣል። በዓመት የሚያቃጥሉት ቤንዚን ጥቂት ሊትር ነው፤ የዋጋው ልዩነት ከአንድ የካርቡራተር ጥገና በታች ሊሆን ይችላል። ግን ጣሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ብዙ ሰው ጣሳውን አንስቶ የሚጠይቀው ስለ ዘይቱ ነው፦ ምን ዓይነት ነው፣ ሲንተቲክ ነው ወይ እያለ። እኔ ቀድሜ የማየው ቤንዚኑን ነው። የእርስዎን ማሽኖች እንዳይነሱ ያደረጋቸው ቤንዚኑ ነውና።

ማሽኑ ነዳጅ እንደያዘ ለወራት ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን ላስረዳ። ከማደያ የሚቀዳ ቤንዚን ብዙ ዓይነት ፈሳሾች የተቀላቀሉበት ነው። ቀላሎቹ፣ ማለትም ሞተሩን በቀዝቃዛው ለማስነሳት የሚረዱት፣ ቀድመው ይተናሉ። የቀረው ከአየር ጋር እየተገናኘ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይሆናል። የእነዚህ ትናንሽ ማሽኖች ካርቡራተር ሲፈታ ውስጡ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ወንፊት አለች፤ ዓመት ከተቀመጠ ማሽን ስትወጣ ብዙ ጊዜ በቡናማ ቅባት ተለብጣ ነው የምትገኘው። ከጎኗ ያለው ዲያፍራም የሚባለው ስስ ሽፋን ደግሞ ለስላሳ መሆን ሲገባው ደርቆ፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል። ዲያፍራሙ ካልተለጠጠ ነዳጅ አይስብም፣ ወንፊቷ ከተደፈነች ነዳጅ አያልፍም። ገመዱን ቢስቡ ቢስቡ ሞተሩ አይነሳም።

ኤታኖል የሚባለው አልኮል ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። በብዙ አገር የማደያ ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይኖረዋል። ኤታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል። ውሃው ሲበዛበት ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የማሽኑ የነዳጅ ፊልትሮ ደግሞ ያለው እዚያው ከታች ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ላይ ሲቀር ሞተሩ ከታች የሚስበው ያለ ዘይት ይሆናል። ለባለ ሁለት ምት ሞተር ይህ ሞት ነው። ለብቻው የዘይት ቋት የለውም፤ ፒስተኑም፣ ሲሊንደሩም፣ ኩሽኔታዎቹም የሚቀቡት ከቤንዚኑ ጋር በገባችው ዘይት ብቻ ነው። ቅባት ያጣ ፒስተን ሲሊንደሩን ይነክሳል። ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ፈትተው በጭስ መውጫው ቀዳዳ በባትሪ ብርሃን ቢያዩ፣ የተነከሰ ፒስተን ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የተፋቀ መስመር ይታይበታል። ጤነኛው ለስላሳ ነው።

ስለዚህ ከጣሳው ላይ የሚፈልጉት ቃል «አልኪሌት» ነው። አልኪሌት ቤንዚን በማጣሪያ ፋብሪካ ከጋዞች ተሠርቶ የሚወጣ ንጹህ ቤንዚን ነው። ኤታኖል የለበትም፣ ድኝም ሆነ ቤንዞል የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ከሞላ ጎደል የለበትም። ዝቃጭ ስለማይሠራ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ያልተከፈተ ጣሳ እንደ አምራቹ ለዓመታት ይቆያል፣ ተከፍቶም ቢሆን ከማደያው ቤንዚን በብዙ ይበልጣል። ለእጅ ማሽኖች መሸጥ የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ ስዊድን ውስጥ ሲሆን፣ አንዱ ምክንያት ቀኑን ሙሉ ጭሱን የሚተነፍሱት የደን ሠራተኞች ጤና ነበር። በስዊድን ደረጃ የተሠራ ከሆነ ጣሳው ላይ ኤስ ኤስ 155461 የሚል ቁጥር ይገኛል። አስፐን 2፣ የሽቲል ሞቶሚክስ፣ የሁስክቫርና ኤክስፒ ፓወር 2 የዚህ ዓይነት ናቸው።

«ከኤታኖል ነጻ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አልኪሌት ማለት አይደለም። ተራ ቤንዚን ኤታኖሉ ቀርቶለት፣ ማቆያ ኬሚካልና ዘይት ተጨምሮበት ታሽጎ ሊሸጥ ይችላል። ከማደያው ይሻላል፣ ግን የአልኪሌት ያህል ዋጋ ሊከፍሉበት አይገባም። ቀለሙ ላይም አይመኑ፤ ቀለሙ የሚጨመረው ዘይት የገባበትን ካልገባበት ለመለየት ነው፣ ስለ ጥራቱ አይናገርም።

ለጣሳው ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ደግመው ያንብቡ። እነዚሁ አምራቾች ለባለ አራት ምት የሚሆን፣ ዘይት የሌለበት ቤንዚን በተመሳሳይ ጣሳ ይሸጣሉ። ተሳስተው ያንን መጋዝዎ ውስጥ ቢጨምሩ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሠርቶ ይነክሳል። መጋዙ ላይ ያለው ሁለተኛ ቀዳዳም አያሳስትዎ፤ የሰንሰለቱ ዘይት ነው፣ ሞተሩ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። 50:1 ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፣ 40:1 ሲሆን 25 ሚሊ፣ 25:1 ደግሞ 40 ሚሊ። ለመጋዝዎ የታሸገው 50:1 እንዳለ ይሆነዋል፣ ምንም ዘይት አይጨምሩበት።

ማጨጃው ላይ ግን እንዲህ በቀላሉ እሺ አልልም። 25:1 ብዙ ጊዜ የተጻፈው የድሮው ዘይት ደካማ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ጥሩ ዘይት እስከተጠቀሙ ድረስ 50:1 ፈቅደው የጻፉ አምራቾች አሉ። የእርስዎ አምራች ይህን በመመሪያው ላይ ካልጻፈ በግምት የዘይቱን ግማሽ አይቀንሱበት። አንዳንድ አሮጌ ማሽን ውስጡ ኩሽኔታ ሳይሆን ቡሽ የሚባል ተራ የብረት ቀለበት ነው ያለው፤ እሱ ብዙ ዘይት ይፈልጋል። የሚሻለው መንገድ ዘይት የሌለበትን አልኪሌት ገዝተው ለማጨጃው 40 ሚሊ በሊትር እየለኩ ራስዎ መደባለቅ ነው። ወይም ከመጋዙ 50:1 ጣሳ ላይ 1 ሊትር ለብቻው በጀሪካን ቀድተው 20 ሚሊ ያህል ዘይት ይጨምሩበት፣ 25:1 ይሆናል። ጀሪካኑ ላይ ግን ይጻፉበት። ዘይት በመጠኑ መብዛቱ ጭስና ጥቀርሻ ያመጣል፣ ካንዴላ ያቆሽሻል፣ ማርሚታው ላይ ያለችውን ወንፊት ይደፍናል፤ እነዚህ ይጠረጋሉ። የነከሰ ፒስተን አይጠረግም።

የሚጨምሩት ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት የተሠራ ይሁን፤ ጃሶ ኤፍዲ የሚል ደረጃ ያለው ጥሩ ነው። ቲሲ-ደብልዩ3 የሚለው በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር ብዙ ስለሚሞቅ አይስማማውም። የመኪና ሞተር ዘይት በጭራሽ አይጨምሩ።

አሮጌው ማጨጃ ለዓመታት የማደያ ቤንዚን ሲጠጣ ከኖረ በኋላ ወደ አልኪሌት ሲዛወር ሌላም ጣጣ አለ። በተራው ቤንዚን ያሉት አንዳንድ ኬሚካሎች ጎማውን አብጠውት ኖረዋል፤ አልኪሌቱ ሲገባ ጎማው ይሸበሸባል፣ የቆየ ቱቦና ዲያፍራም ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ ከመቀየርዎ በፊት የነዳጅ ቱቦውን በጣትዎ ጎበጥ ያድርጉት። ከተሰነጠቀ፣ ከደረቀ ወይም ከተጣበቀ ቀድመው ይቀይሩት፣ ዋጋው ትንሽ ነው። አልኪሌት ከማደያው ቤንዚን ስለሚቀል ሞተሩ ውስጥ አየሩ በትንሹ ሊበዛና ሞተሩ ከወትሮው ከፍ ባለ ድምፅ ሊጮህ ይችላል። ጩኸቱ ቀጥን ብሎ ከመጣ ማሠራቱን ያቁሙ፣ ካርቡራተሩን ባለሙያ ያስተካክለው። መጋዙ አዲስ ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን በአልኪሌት ቢጀምር ይህ ሁሉ አያገኘውም።

በየቀኑ የሚሠራ ሰው ከጠየቀኝ ገንዘቡን ጥሩ ዘይት ላይ ያውል እላለሁ፤ የደባለቀውን በወር ውስጥ ከጨረሰ ለማርጀት ጊዜ አያገኝም። ለእሱም ቢሆን የጤናው ነገር ያስጨንቀኛል። የመጋዝ ጭስ የሚወጣው ፊትና ደረት አጠገብ ነው፣ በአልኪሌት የሚሠራ ሰው የሚተነፍሰው ቤንዞል በጣም ያነሰ ነው። አልኪሌትም ሲቃጠል ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣልና፣ በዝግ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሳት ፈጽሞ አይገባም።

አሁን ላሉዎት ማሽኖች የማደርገው ይህን ነው። ውስጣቸው ያለውን ያረጀ ቤንዚን ማሽኑ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ላይ፣ እሳት በሌለበት ያፍሱት፤ መሬት ላይ አይድፉት። ካርቡራተሩን አንድ ጊዜ ያስጠርጉ፣ ዲያፍራሙና ፊልትሮው ይቀየሩ። ከዚያ ከታሸገው ጣሳ ነቅንቀው ይሙሉ፣ ከሞሉበት ቦታም 3 ሜትር ያህል ራቅ ብለው ያስነሱ። ለወራት ከማስቀመጥዎ በፊትም የመጨረሻው ሙሌት ከዚያው ጣሳ ይሁን፤ ለደቂቃዎች ያሠሩት፣ ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውም አልኪሌቱ እንዲሆን።