«ጉዞው እንዴት ነበር?» ሲባሉ መልስ ላጡ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች መካከል አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሱ ናቸው፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ብዙ ተጠብቆ፣ በመጨረሻም እንደታሰበው ስላልሆነ የውጭ አገር ጉዞ። ጸሐፊዎቹ በሰሜን ሸዋ በተለያዩ ከተሞች የሚኖሩ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ እኔና ባለቤቴ እህል በመነገድ የምንተዳደር ነን። የተጋባንበትን ሃያኛ ዓመት ምክንያት አድርገን፣ ሁለት ዓመት የጠበቅነው እቁብ ሲደርሰን፣ በ2016 ዓ.ም. ፍልሰታን እንደፈታን ለአንድ ሳምንት ወደ ዱባይ ሄድን። ሆቴሉ በፎቶግራፍ ያየነው ዓይነት አልነበረም፤ ከሙቀቱ የተነሣ ቀን ቀን መውጣት አልቻልንም፤ የያዝነው ገንዘብ ካሰብነው ግማሹን እንኳ አላደረሰንም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ተኳርፈን አሳለፍን። ቤት ስንደርስ ጎረቤቶቻችን ቡና አፍልተው ጠበቁን፤ እኛም «እጅግ ያማረ ነበር» አልን። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ስለ ዱባይ ባነሣ ቁጥር ውስጤ ይረበሻል። ለምን አይረሳኝም?

መልስ፦ አስቀድመን የእናንተ ጥፋት ያልሆነውን እንለይ። እቁቡን ስትጥሉ የነበረው ስሌት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በሚመነዘርበት ጊዜ የተሠራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ያ ቁጥር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እናንተ የተጓዛችሁት ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በታማኝነት የቆጠባችሁት ገንዘብ በአንድ ወር ውስጥ ዋጋው ቢያንስ፣ ይህ የቤት አያያዝ ጉድለት አይደለም። ሙቀቱም እንዲሁ ነው። በዱባይ በነሐሴ ወር የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ የሆቴል ዋጋ በዚያ ወቅት የሚቀንሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው፣ በነሐሴ ጋቢ ተደርቦ እንኳ ብርዱ በማይቻልባት ደብረ ብርሃን የኖረ ሰው እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ቢከዳውና ትዕግሥቱ ቢያልቅ አያስደንቅም። ጉዞውን የሸጠላችሁ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊነግራችሁ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት በሦስት ዓይነት የዕረፍት ጊዜ ላይ የነበሩ ሰዎችን ከመሄዳቸው በፊት፣ በጉዞው መካከልና ከተመለሱ በኋላ ጠይቋል፤ አንደኛው ጉዞ በካሊፎርኒያ ለሦስት ሳምንት በብስክሌት የተደረገ ነበር። ሰዎቹ በመንገድ ላይ ሳሉ የተሰማቸው ቅሬታ፣ ከተመለሱ በኋላ ባሉት ቀናት በአብዛኛው እየደበዘዘ ሄዶ፣ ትዝታቸው በቦታው ከተሰማቸው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የብዙ ሰው ልብ በራሱ ጊዜ የሚያደርገውን የእርስዎ ልብ ለምን አላደረገም? እንደ እኔ እምነት፣ ምክንያቱ በዚያች ቡና ላይ የተናገሩት ቃል ነው። «ያማረ ነበር» ካሉ በኋላ ስለ እውነተኛው ጉዞ የሚያወሩበት ቦታ አጡ። ያልተወራ ነገር ደግሞ አይለዝብም፤ ሰው ባነሣው ቁጥር አንድ ጊዜ በትዝታው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመሸፋፈኑ ይታመማሉ።

እንዲህ የሆነው ውሸታም ስለሆናችሁ አይደለም። በእኛ አገር መንገደኛ ብቻውን አይሄድም። የሸኘው ሰው ሁሉ፣ ልጆቻችሁን ይዞ ያደረው፣ ሱቁን የጠበቀው፣ «በሰላም ግቡ» ብሎ የመረቀው ሁሉ ከጉዞው ድርሻ አለው፤ እሱን ላለማሳዘን የሚነገር መልካም ቃል ከክፋት አይመነጭም። ነገር ግን አሁን ጊዜው አልፏልና እውነቱን መናገር ማንንም አይጎዳም።

በባለቤትዎ ይጀምሩ። ስለ ሆቴሉና ስለ ገንዘቡ ሳይሆን፣ ሁለታችሁም ከዚያ ሳምንት ምን ትጠብቁ እንደነበር ተጠያየቁ። አንዳችሁ ዕረፍት፣ ሌላችሁ ደግሞ በሃያ ዓመት ያልተነገረ አንድ የምስጋና ቃል ስትጠብቁ ኖራችሁ ሊሆን ይችላል፤ የመኳረፉም ሥር ምናልባት እዚያው ነው። ከዚያ በኋላ ከጎረቤቶቻችሁ መካከል ለምታምኑት ለአንዱ «ያን ጊዜ አልነገርናችሁም እንጂ ከብዶን ነበር» በሉት። ለሁሉም መናገር አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ይበቃል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ነርስ ነኝ። ለጫጉላችን ወደ ዛንዚባር ስንሄድ የእኔ ሻንጣ ሳይደርስ ቀረ፤ ይኸው ሃያ አምስት ቀን ሆነው። ውስጡ እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ ቀሚስ ነበረ። እናቴ ጉዳዩን አልሰማችም። አየር መንገዱ «እየፈለግን ነው» ከማለት በቀር መልስ የለውም።

መልስ፦ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈረመውና ኢትዮጵያም ታንዛኒያም አባል የሆኑበት የሞንትሪያል ስምምነት፣ መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 21 ቀን ሞልቶት ያልመጣ ሻንጣን እንደ ጠፋ ይቆጥረዋል። ስለዚህ «እየፈለግን ነው» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አያስጠብቅዎትም፤ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። በአውሮፕላን ማረፊያው ያስመዘገቡበትን ወረቀት፣ የሻንጣውን ቁጥር የያዘችውን ቁራጭ፣ የመሳፈሪያ ካርድዎንና የጠፋውን ዕቃ ዝርዝር ከነግምቱ አያይዘው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። ከፍተኛው የካሳ መጠን ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለአንድ መንገደኛ፣ በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ 1,519 ነው፤ ይህም 2,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው እንጂ ለሁሉም የሚከፈል አይደለም፤ የሚከፈለው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ያለዎት ጊዜ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ለሌሎች አንባቢዎችም፦ ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰ አቤቱታው በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ በተረከባችሁት በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

ቀሚሱን ግን የትኛውም ካሳ አይመልሰውም፤ የእናት እጅ የፈተለው ድርና ማግ በዝርዝሩ ላይ በብር ሲጻፍ ልብ እንደሚያደማ ይገባኛል። ቢሆንም ለእናትዎ ይንገሯቸው። በዓል መጥቶ «ያን ቀሚስ ልበሽው እንጂ» ያሉዎት ዕለት ከመስማት፣ ዛሬ ከእርስዎ ከልጃቸው አፍ ቢሰሙት ይሻላል። ምናልባት አብራችሁ ታለቅሱ ይሆናል፤ ለዚያ ቀሚስ ደግሞ ይገባዋል።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ ባለፈው ዓመት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሞምባሳ ሄጄ ሰባቱንም ቀን ታምሜ ተመለስኩ። አሁን ከእነሱው ጋር ለሌላ ጉዞ የማይመለስ ቀብድ ከፍያለሁ፤ ልቤ ግን አልፈቀደም። ገንዘቡ ከሚባክን ብዬ ልሂድ?

መልስ፦ ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን እንዲህ ብለው ጠየቁ። ሚቺጋን ለሚደረግ የበረዶ ሸርተቴ ጉዞ 100 ዶላር፣ ዊስኮንሲን ለሚደረግ ደግሞ 50 ዶላር ከፍለሃል፤ ይበልጥ የሚያስደስትህ የዊስኮንሲኑ ነው፤ ሁለቱ ግን በአንድ ቀን ላይ ውለዋል፤ ገንዘቡም አይመለስም፤ የትኛውን ትመርጣለህ? ከተጠየቁት ከግማሽ የሚበልጡት ብዙ የተከፈለበትን መረጡ። ማለትም የወጣውን ገንዘብ ሲያስቡ ደስታቸውን ተዉ። የእርስዎም ቀብድ ቢሄዱም ቢቀሩም የወጣ ነው። ከመሄድ የሚከለክልዎት እንደገና የመታመም ፍርሃት ብቻ ከሆነ ሐኪም ያማክሩና ይሂዱ፤ ከሰዎቹ ጋር መሆኑ ራሱ ካስጠላዎት ግን ቀሪውን ክፍያ አይጨምሩበት፤ ዛሬውኑ ይንገሯቸው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ)፦ እኛ ልጆቿ አዋጥተን እናታችን ኢየሩሳሌምን እንድትሳለም ከፍለን ነበር። ለጉዞዋ አምስት ቀን ሲቀር፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ ጉዞው ቀረ። ገንዘቡን ተውነው፤ እሷ ግን «ኃጢአቴ ነው የመለሰኝ» እያለች ይኸው እስከ ዛሬ ትተክዛለች። ምን እንበላት?

መልስ፦ በዚያ ዕለት የእስራኤል የአየር ክልል ለሁሉም ተዘግቷል። እዚያ የነበረው መውጣት፣ ውጭ የነበረው መግባት አቅቶት ከየሃይማኖቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ባለበት ቀርቷል። ይህን ንገሯት፤ ነገር ግን ክርክር አታድርጉት። እናታችሁ የጉዞ ወረቀት ብቻ አይደለም ያጣችው። በዴር ሱልጣን ገዳም ካሉት አባቶች ደጅ ስትቆም፣ መቃብሩን ስትሳለም፣ ለሙታኖቿና ለእናንተ ስም እየጠራች ስትለምን ራሷን ብዙ ቀን አይታዋለች። ያ ነው የጎደለባት፤ ኀዘን ነውና እንደ ኀዘን ቁጠሩት። «ሌላ ጊዜ ትሄጃለሽ» ብላችሁ አታቻኩሏት፤ ዕድሜዋን የምታውቀው እሷ ናት። ሸንኮራ ዮሐንስን የመሰለ በአቅራቢያችን ያለ ደጅ መሳለም ሊያጽናናት ይችላል፤ ዳሩ ግን በኢየሩሳሌም ፈንታ ብላችሁ እናንተ አታቅርቡላት፤ እሷ ስትፈልግ ትጠይቃችኋለች። ስለ ኃጢአት የተናገረችውን የንስሐ አባቷ ይስሙት፤ የማጽናኛው ቃል ከእናንተ ይልቅ ከእሳቸው ቢመጣ ይበልጥ ይሰማታል፤ ሄዳችሁም ጥሯቸው።

ገንዘቡንም ዝም ብላችሁ አትተዉት። የከፈላችሁበትን ደረሰኝና ውል ይዛችሁ፣ ክፍያው ተመላሽ ይሆን ወይስ ለሌላ ጉዞ ተይዞ እንደሆነ አስጎብኚ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ በድርጅቱም መዝገብ ላይ የእናታችሁ ስም ይቆይ።