በአሠሪዎቼ ቤት የአይሁድን የፋሲካ ቂጣ ልብላን?

ጥያቄ፦ በእስራኤል አገር አንዲት አረጋዊት እናትን እየተንከባከብኩ እኖራለሁ። በፋሲካቸው ሰባት ቀን እርሾ የነካው ሁሉ ከቤት ስለሚወጣ፣ እንጀራም ዳቦም የለም፤ ያለው ማጻ የሚሉት ቂጣ ነው። በዓሉ በዐቢይ ጾማችን ውስጥ ሲውል ብበላው በደል ይሆንብኛል? የጸሎተ ሐሙስ ጉልባናችንስ ከእነርሱ የመጣ ነው?

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ ማጻ ከዱቄትና ከውኃ ብቻ ተለውሶ 18 ደቂቃ ሳይሞላው የሚጋገር ቂጣ ስለሆነ ጾም አይሽርም፤ በእንቁላል የተለወሰውንና በማዕዱ የሚቀርበውን ሥጋ ግን ትተዪዋለሽ።

ማሰብ የሚገባን ሌላ ነገር አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤ በ38ኛው ቀኖናው ክርስቲያን ከአይሁድ የበዓል ቂጣ እንዳይቀበል ከልክሏልና መጨነቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ እንደምረዳው ክልከላው ምእመናን በዓሉን እንደ አምልኮ አብረው እንዳያከብሩ ነው፤ ሐዋርያው «ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዶአልና» ካለ በኋላ ሌላ ፋሲካ አንጠብቅምና። በቤቱ ሌላ እህል ስለሌለ ለረኃብሽ ቂጣ መብላትሽ ግን በዓል ማክበር አይደለም። በመጀመሪያዋ ሌሊት ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ ሲነበብ አረጋዊቷን ደግፈሽ መቀመጥሽ ከልብ የሚመሰገን አገልግሎት ነው፤ በዚያች ሌሊት በማዕዱ ከሚጠጡት አራቱ የወይን የበረከት ጽዋዎች ግን በትሕትና ታልፊያለሽ።

ጉልባንን በተመለከተ፣ በኦሪት ዘጸአት 12፥39 የተጻፈው እስራኤል ተቻኩለው ስለወጡ ሊጡ ሳይቦካ ቂጣ መጋገራቸው ነው። በጉዞው ንፍሮ ቀቅለው እንደበሉና ጉልባኑ የዚያ መታሰቢያ እንደሆነ የምንሰማው ከአበው ትውፊት ነው። እኛ ግን ጨውን አብዝተን የምናበላው የሚያስጠማ በመሆኑ የጌታን ጥም እንድናስብበት ነውና፣ ከኦሪት የጀመረው መታሰቢያ በእኛ ዘንድ ወደ መስቀሉ ደርሷል። ሕግ ሳይሆን መታሰቢያ በመሆኑም ያልበላ አይኮነንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ጸሎተ ሐሙስ በሰባቱ ቀናት ውስጥ ከዋለ ጉልባኑን በአሠሪዎችሽ ማድቤት አትቀቅዪ፤ በውኃ ርሶ የተቀቀለ ስንዴ በሕጋቸው እርሾ እንዳለበት ይቆጠራልና፣ ሳታውቂ ልባቸውን ታሳዝኛለሽ። ፈቃድ ካገኘሽ በኢየሩሳሌም ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ሄደሽ ስግደቱን ከምእመናን ጋር ፈጽሚ፤ ካላገኘሽም ቂጣሽን በልተሽ ጸሎትሽን በክፍልሽ አድርሺ።