ጥያቄና መልስ፦ ኤሌክትሪክ ጊታር ከኪት መገጣጠም

ኪት (ያልተገጣጠሙ የጊታር ክፍሎች) ገዝታችሁ፣ ሳጥኑን ከፍታችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ለገባችሁ ነው። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ ቀለም ከመንካታችሁ በፊት ሁሉንም ገጣጥማችሁ ሞክሩ። ክሩን ጭምር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ኪት ልግዛ?

መልስ፦ አንገቱ በብሎን የሚታሰረውን። ቴሌካስተር የሚባለው የጊታር ሞዴል ቅርጽ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አካሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ሽቦውም ጥቂት ነው። በኮላ የሚጣበቅ አንገት ተጣሞ ከደረቀ ማስተካከሉ ፈተና ነው።

ጥያቄ፦ ለብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ ለሚያርፉበት ብረት) ቀዳዳውን የት ጋ ልብሳ? ወረቀቱ ምንም አይልም።

መልስ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ከነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ በስንጥቆቹ ከሚያልፉበት ቁራጭ) እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች 12ኛው) ያለውን ርቀት ለካ። ያንኑ ርቀት ከ12ኛው ፍሬት ወደ ብሪጁ ድገመው። በስትራት (ስትራቶካስተር) እና በቴሌ (ቴሌካስተር) ቅርጽ ድምሩ አብዛኛውን ጊዜ 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌስ ፖል በሚባለው ሌላ ሞዴል ቅርጽ 628 ገደማ። የተጻፈውን አትመን፣ እጅህ ላይ ያለውን አንገት ለካ።

የቀጭኑ ክር ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩን የሚደግፈው ተንቀሳቃሽ ቁራጭ) እዚያ ልክ ላይ ይረፍ። ግን ሳድሉን አስቀድመህ ወደ ፊት አምጣው፣ ወደ ኋላ የሚሄድበት ቦታ ይኑረው። ክር ፍሬት ላይ ሲጫን ይወጠራል፣ ድምፁም ትንሽ ከፍ ይላል። ያንን የምታካክሰው ሳድሉን ወደ ኋላ በመሳብ ነው፤ ወፍራሞቹ ክሮች ደግሞ የበለጠ ይፈልጋሉ።

ቀጥሎ የጎን ልክ። አንገቱን እሰር፣ ብሪጁን በቴፕ ያዘው፣ ሁለቱን የዳር ክሮች ዘርጋ። መጨረሻው ፍሬት ላይ ከሁለቱም ጠርዝ እኩል ይርቃሉ? ካልራቁ አንቀሳቅስና ደግመህ እይ። መሰርሰሪያ የሚነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፋብሪካው ቀድሞ የበሳው ከሆነም ለካ፤ ብዙ ጊዜ ይስታሉ።

ጥያቄ፦ ምን ቀለም ልቀባ?

መልስ፦ ለጀማሪ ዘይት ይሻላል፣ በጨርቅ ይቀባል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማዶ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ዘርግተህ አድርቀው። ከመቀባትህ በፊት ደግሞ ገጣጥመህ ሞክር።

ጥያቄ፦ የኔ አካሉ ባስውድ የሚባል እንጨት ነው። ድምፁ ይበላሻል?

ሌላ አባል፦ ባስውድማ ለስላሳ ነው፤ ማሆጋኒ ካልሆነ ድምፁ አይሞላም።

ሌላ አባል፦ ኧረ ተው! ፒክአፕ (ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት) የሚሰማው የክሩን እንቅስቃሴ እንጂ የእንጨቱን ዘር አይደለም።

የመጀመሪያው አባል፦ ክሩ የታሰረው እኮ እንጨቱ ላይ ነው!

መልስ፦ ይብቃ፣ ይሄ ክርክር ማለቂያ የለውም። ነቱ በልክ ካልተቆረጠ ከየትኛውም እንጨት ቢሠራ ቅኝት አይይዝም። ባስውድ ጥሩ እንጨት ነው፣ ሥራህን ቀጥል።

ጥያቄ፦ ጊታሬ ይጮኻል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ "ይጮኻል" ማለት ምን ማለት ነው? መቼ? ምን ስትነካ?

ጥያቄ፦ ይቅርታ። ዝም ብሎ እምምም ይላል። ክሩን ስነካው ለውጥ የለም፤ የኬብሉን መሰኪያ ብረት ስነካው ግን ይቀንሳል።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ከብሪጁ ወደ ቮልዩም ፖት (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው) ጀርባ የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ወይ ተረስቷል ወይ አልተያያዘም። የፖቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርግና መጀመሪያ ብረቱን አሙቅ፣ ከዚያ ሶልደሩን (ሽቦ ማያያዣ ብረቱን) አቅልጥበት። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን አሲድ ያለበት ፍላክስ (ሶልደር እንዲይዝ የሚቀባ ነገር) እንዳታስጠጋ፣ ሽቦውን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ክሩ ዝዝዝ ይላል። ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ቅጥነቱን የሚያስተካክለውን ብረት) ላዙረው?

መልስ፦ ዝም ብለህ አታዙር። 1ኛውን ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበትን ፍሬት አንድ ላይ ጫን፤ 7ኛው አካባቢ ከክሩ በታች 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይኑር። ከሌለ ሮዱን በሩብ ዙር አላላው፣ ክሩን ቃኝተህ ደግመህ ለካ። ክፍተቱ ልክ ሆኖ አንድ ቦታ ብቻ ዝዝ የሚል ከሆነ ጥፋቱ የፍሬት ነው። አጭር ቀጥ ያለ ብረት ሦስት ፍሬቶች ላይ አጋድም። ቀጭ ቀጭ እያለ ከተወዛወዘ መሃለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል። መጀመሪያ በሚገባ ተቀምጦ እንደሆነ እይ፤ ተነስቶ ከሆነ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለህ መልሰው። ሞረድ የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ከፍሬት ላይ የተነሳ ብረት አይመለስም።

ጥያቄ፦ ቀብቼ ጨርሻለሁ። አሁን አንገቱ ማስገቢያው ውስጥ አልገባ አለኝ።

መልስ፦ ከላይ ደጋግሜ የተናገርኩት ለዚህ ነበር! ቀለሙ ማስገቢያውን አጥብቦታል። በጉልበት አትክተተው፣ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። አንገቱንም አትፋቅ። የማስገቢያውን ግድግዳ ቀለም ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልክ አንሳ፣ በየመሃሉ አንገቱን እየሞከርክ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ምን ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብበው።