«ንጹሕ ነው በለኝ» ስትልህ

ከፍኖተ ሰላም የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ባለቤትህ ሊጥ ልታቦካ ስትል ደጋግማ ትታጠባለች፤ ልጆቹን በሽታ ላይ እንዳትጥል ፈርታ። እጇ በኦሞ ተሰነጣጥቋል። አንተም ከገበያ ስትመለስ በር ላይ ልብስ ትቀይራለህ። ማታ ማታ «ሊጡ ንጹሕ ነው በለኝ» ስትልህ ሃያ ጊዜ ትምልላታለህ። ጎረቤት ባለሙያ ይላታል፣ እናትህ ጥጋብ ነው ይላሉ። «ልቆጣት ወይስ ልታገሳት?» ብለሃል።

ቁጣውን ተወው። ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል፤ አልለቅ የሚል ሐሳብ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያሠራበት ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ እጇ ንጹሕ መሆኑን ታውቃለች። የማታስቀምጣት «ምናልባትስ?» የምትለዋ ሐሳብ ናት። ስትታጠብ ለጊዜው እፎይ ትላለች፤ አእምሮዋ ግን «ባልታጠብ ኖሮ ጉድ ይፈላ ነበር» ብሎ ይይዘዋል። በነጋታው ይብሳል።

አትቀየመኝና፣ ያንተም መሐላ ያው መታጠብ ነው። በውኃ ፈንታ በቃል ታጥባታለህ። ከፍቅር እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም ሚስቴ ብታለቅስ ዝም ማለት አልችልም ነበር።

ሕክምናው ሲቢቲ ይባላል፤ በንግግርና በልምምድ አስተሳሰብንና ልማድን የሚቀይር ሕክምና ነው። ለዚህ ሕመም የሚሆነውን ዘዴ ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. በሁለት ሕሙማን ላይ ያየውን ጽፎ አስተዋወቀ። የምትፈራውን ትነካለች፤ ከዚያ አትታጠብም። በቃ! ሲወራ ቀላል ነው፣ ሲሠሩት ያልባል። ስለዚህ ከቀላሉ ይጀመራል፦ መጀመሪያ የበር እጀታ፣ ሲለመድ ከገበያ የመጣ ዘንቢል፣ በስተመጨረሻ አንዴ ብቻ ታጥቦ ማቡካት። ጭንቀቱ ብዙ ጊዜ ሳትታጠብም ይበርዳል። ባይበርድ እንኳ እንደምትችለው ታያለች። በየሳምንቱ እየተገናኙ ሦስት አራት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዴም እንደ ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ይታከልበታል።

ታዲያ ነገ ተነስተህ ኦሞውን እንዳትደብቅ! እሷ ካልፈቀደች አይሠራም። ደብረ ማርቆስ ይቀርባችኋል፤ ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይዘሃት ሂድ።

ጠበሉንም አትተዉ። ብቻ ቤት ያመጣችሁትን በየደቂቃው እጇ ላይ የምትረጭ ከሆነ እሱም ከኦሞው ጎራ ገብቷል፤ ለነፍስ አባታችሁ ይህን በግልጽ ንገሯቸው።

እስከ ቀጠሮው ድረስ፣ ቀን ላይ፣ ረጋ ባለችበት ሰዓት ተስማሙ። ማታ ስትጠይቅህ «ሕመሙ ነው የጠየቀኝ፣ አልመልስለትም። እኔ ግን አጠገብሽ ነኝ» በላት። ታኮርፍ ይሆናል። አብረሃት ቁጭ በል። አምልጦህ «ንጹሕ ነው» ብትላትም አትደንግጥ፤ ለሚቀጥለው ጥያቄ ዝም ትላለህ።